አዋሳኞቹ ፈርመዋል ወይ?

ይህ ሳን ሆዜ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወገኖች ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች ሦስቱን ጨምሬያለሁ። ዓመተ ምሕረቱም ወሩም ሁሉ የፈረንጆቹ ነው።

እንደምን ዋላችሁ። ቡናው እስኪፈላ ነው ጊዜ የተሰጠኝ፤ ስለዚህ በቀጥታ ልግባ።

"ስለ ውሃ የሚናገር ሰው አለ" ሲባል ስለ ዓባይ መስሏችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይቅርታ፤ ዛሬ ዓባይ የለም። የማወራው ማንም ስለማያየው ውሃ ነው። እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ከእግራችን ስር ስላለው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ገጠር መሬት ሲለካ ያየ ሰው አለ? አላችሁ። ለይዞታ ደብተር ሲለካ ለኪው ከባለይዞታው ጋር ብቻ ተስማምቶ አይሄድም። አዋሳኞች ይጠራሉ። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ ያዋስነዋል ተብሎ ይመዘገባል። አዋሳኙ መጥቶ "አዎ፣ ድንበሩ እዚህ ጋ ነው" ካላለ ነገሩ ይንጠለጠላል። ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በየመንደሩ ሌሊት ተነስቶ የድንበር ድንጋይ የሚያንቀሳቅስ ሰው አይጠፋም።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ይኸው ነገር ከመሬት በታች ተጀምሯል። የድንበሩ ድንጋይ ይነቀላል፣ ይተከላል፤ አዋሳኞች ይጠራሉ፣ ይፈርማሉ። ልዩነቱ እዚህ አዋሳኞቹ መንግሥታት መሆናቸው ነው። ካውንቲ፣ ከተማ፣ የውሃ ዲስትሪክት፣ የመስኖ ዲስትሪክት። ዲስትሪክት የምለው ለውሃ ሥራ የተቋቋመ የአካባቢ መንግሥት አካል ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የእነዚህን ድጋፍ ስናይ ስንቱ ፈረመ ብቻ ብለን አንለፈው። የፈረመው ለመግባት ነው ወይስ ለመውጣት?

ከዚሁ ከተማ ልጀምር። ሳን ሆዜ የሰመጠች ከተማ ናት። ከ1910ዎቹ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ መሀል ከተማው ወደ 13 ጫማ ዝቅ ብሏል። አራት ሜትር፤ የአንድ ፎቅ ቤት ቁመት ማለት ነው። ዛሬ የቴክኖሎጂ ኩባንያ የሞላበት ሸለቆ ያኔ የአፕሪኮትና የፕሪም እርሻ ነበር። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ፓምፕ ተተከለ፣ ውሃው ወጣ። ከታች ያለው ሸክላ አፈር ውሃው ሲለቀው ተጨመቀ። ብዙ ሰው "እንደ ስፖንጅ" ይላል፤ ግን ስፖንጅ መልሰህ ውሃ ብትሰጠው ይነፋል። ሸክላው አንዴ ከተጨመቀ ወደ ነበረበት አይመለስም። ባሕረ ሰላጤው ዳር ያለችው አልቪሶ ከባሕር ወለል በታች የሆነችው እንደዚህ ነው። መስመጡ የቆመው ውሃ ከሩቅ በቦይ መምጣት ሲጀምርና ውሃ ወደ መሬት መልሶ ማስረጉ ሲስፋፋ ነው።

ከዚህ ታሪክ እንድትይዙልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ውሃውን የቀዱት ጥቂቶች ናቸው፤ የሰመጠው ግን ሁሉም ነው። ጉድጓድ ኖሮት የማያውቀውም ሰው ቤት ወርዷል።

የስቴቱ ትልቁ የእርሻ ሸለቆ ወደሆነው ሴንትራል ቫሊ ስትሄዱ ደግሞ ይብሳል። ሜንዶታ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ጆ ፖላንድ የሚባል የመሬት ሳይንስ ባለሙያ ከአንድ እንጨት ምሰሶ ሥር ቆሞ የተነሳው ፎቶ አለ። ምሰሶው ላይ ሦስት ዓመተ ምሕረት ተለጥፏል። 1925 ከላይ ከሰውየው ራስ በጣም ርቆ፣ 1955 ከመሃል፣ 1977 ከእግሩ ሥር። መሬቱ በ1925 የነበረበት ከፍታ ያ ነው ለማለት። ወደ 9 ሜትር ገደማ። ይህን ፎቶ ያላያችሁ ዛሬ ቤት ስትገቡ ፈልጉት። ከእኔ ንግግር ይሻላል።

እሺ፣ ድንበሩ የት ይመጣል?

የወንዝ ተፋሰስ ቀላል ነው። የተራራውን ጫፍ ተከትለህ ታሰምራለህ፤ ዝናቡ ወዲህ ከፈሰሰ የዚህ ነው፣ ወዲያ ከፈሰሰ የዚያ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ግን እንደዚያ አይታይም። አሸዋ፣ ጠጠር፣ ሸክላ እየተደራረበ የሞላው ትልቅ ገንዳ አስቡ። ውሃው በአሸዋውና በጠጠሩ መካከል ነው ያለው፤ ሐይቅ ወይም ከመሬት ሥር የሚፈስ ወንዝ አይደለም። የገንዳው ግድግዳ አንዳንድ ቦታ ጽኑ ድንጋይ ነው። አንዳንድ ቦታ የመሬት ስንጥቅ እንደ ግድብ ሆኖ ውሃውን ያዘገየዋል። ሌላ ቦታ ግን የካርታው መስመር ከታች ምንም የለውም። ላይ ላይ ወንዝ አለ፣ ወይም የካውንቲ ወሰን አለ፣ በዚያ ላይ ተሰምሯል። በቃ። ውሃው ከመስመሩ ሥር እንደልቡ ወዲህና ወዲያ ያልፋል።

ስቴቱ ካርታው ላይ 515 ተፋሰሶችና ንዑስ ተፋሰሶች አሉት። ካርታውን የሚይዘው የካሊፎርኒያ የውሃ ሀብት መምሪያ ነው። ለብዙ ዓመታት ይህ ካርታ የባለሙያ ጉዳይ ነበር። መስመሩ ወዲህ ቢሄድ ወዲያ ቢሄድ የማንም ኪስ አይነካም ነበር።

ከዚያ ድርቁ መጣ። በ2014 መስከረም 16 ገዥው ጄሪ ብራውን ሦስት ረቂቅ ሕጎችን አንድ ላይ ፈረሙ። የከርሰ ምድር ውሃ ዘላቂ አስተዳደር ሕግ የሚባለው ይህ ነው። የሚገርማችሁ፣ ካሊፎርኒያ ከምዕራቡ ስቴቶች ሁሉ የመጨረሻዋ ናት። ይህን ያህል የሚታረስባትና ሁሉም ነገር በሕግ የሆነባት አገር እስከዚያ ድረስ በከርሰ ምድር ውሃ ላይ ስቴት አቀፍ ሕግ አልነበራትም። በደህና ዓመት ለመጠጥና ለእርሻ ከሚውለው ውሃ 40 በመቶ ያህሉ ከመሬት ሥር ነው የሚወጣው፤ በድርቅ ጊዜ ወደ 60 በመቶ ይጠጋል።

ሕጉ ነገሩን ለአካባቢው ሰጠ። ስቴቱ ከሩቅ ሆኖ ጉድጓድ አይዘጋም። በየተፋሰሱ ያሉት ካውንቲዎች፣ ከተሞችና ዲስትሪክቶች ኤጀንሲ ያቋቁሙ፣ ዕቅድ ያውጡ፣ በ20 ዓመት ውስጥ የሚወጣውንና የሚገባውን ያመጣጥኑ ነው የሚለው። ክፉኛ የተሟጠጡ ተብለው የተለዩ 21 ተፋሰሶች ቀነ ገደባቸው 2040 ነው። ሌሎቹ 2042። ሁሉም 515 አይገደዱም፤ ከፍተኛና መካከለኛ ቅድሚያ የተሰጣቸው 94 ብቻ ናቸው። አልሠራም ያለ ስቴቱ ራሱ ይገባበታል። በ2024 ሚያዝያ ቱላሬ ሌክ የሚባለው፣ በመስከረም ደግሞ ቱሌ የሚባለው ንዑስ ተፋሰስ በስቴቱ የክትትል ሥርዓት ስር ገብተዋል። ቱሌ ውስጥ መሬቱ ከመስመጡ የተነሳ በላዩ የሚያልፈው ትልቁ ፍሪያንት ከርን ቦይ በአንድ በኩል የመሸከም አቅሙን 60 በመቶ ያህል አጥቶ ነበር። ቦዩ ውሃ የሚወስደው ለሌሎች ገበሬዎች ጭምር ነው።

እንግዲህ አያችሁ፣ ሕጉ በወጣ ማግሥት ያ የባለሙያ ካርታ ነፍስ ዘራ። በየትኛው መስመር ውስጥ እንዳለህ ከማን ጋር ዕቅድ እንደምታወጣ፣ ለማን እንደምትከፍል፣ ስንት እንደምትቀንስ ይወስናል። እድር ማለት ነው። ማን ከማን እድር እንደሚገባ ካርታው ወሰነ። አንዳንዱ ደግሞ ካርታውን አይቶ "እኔ ከነዚህ ጋር? እንዴት ተደርጎ!" አለ።

ለዚህ ሕጉ በር ከፍቷል። ወሰኑ ይቀየርልኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ግን ጠያቂው ማንም ሰው አይደለም። በተፋሰሱ ውስጥ የውሃ አቅርቦት፣ የውሃ አስተዳደር ወይም የመሬት አጠቃቀም ኃላፊነት ያለበት የአካባቢ መንግሥት አካል መሆን አለበት። መምሪያው የመጀመሪያውን የማመልከቻ መስኮት በ2016 ከጥር እስከ መጋቢት ከፈተ። በሦስት ወር 54 ጥያቄ ጎረፈ። 39ኙ ጸደቀ። በ2018 እንደገና ተከፍቶ ሌላ 43 መጣ።

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የሳይንስ መንገድ ነው። "እዚህ ጋ ስንጥቅ አለ፣ ውሃው አያልፍም፣ ካርታችሁ ተሳስቷል" ትላለህ፤ የጂኦሎጂ ማስረጃ ታቀርባለህ። ሁለተኛው የአስተዳደር መንገድ ነው። "ከታች ውሃው አንድ ነው፣ ግን ለሥራ እንዲመቸን መስመሩን እዚህ ጋ እናድርገው" ትላለህ። በዚህኛው አንድን ተፋሰስ ለሁለት ለመክፈል ከፈለግህ ደንቡ አዋሳኞችን ይጠራል። በተፋሰሱ ውስጥ ካሉት የአካባቢ መንግሥታትና የሕዝብ ውሃ አቅራቢዎች ቢያንስ ሦስት አራተኛው መደገፋቸውን ማሳየት አለብህ። በሳይንሱ መንገድ ብትሄድም አዋሳኞችን ማሳወቅና ማነጋገር ግዴታ ነው።

ጥሩ ደንብ ነው። የገጠሩ ለኪ ቢያየው ደስ ይለዋል።

አሁን ወደ ምሳሌ ልሂድ፤ እዚሁ ቅርብ ካለው። ከዚህ በሀይዌይ 17 ተራራውን ተሻግራችሁ ስትወርዱ ሳንታ ክሩዝ ናት። እዚያ የባሕር ውሃ ወደ ጉድጓዶቹ እየሰረገ ነበር። የድሮው ካርታ ግን ያንን አካባቢ ለአራት ተፋሰስ ቆራርጦት ነበር። ሶኬል ክሪክ የውሃ ዲስትሪክት፣ ሴንትራል የውሃ ዲስትሪክት፣ የሳንታ ክሩዝ ከተማና ካውንቲው ተሰብስበው አሰቡ። የምንቀዳው ከአንድ ንጣፍ ከሆነ፣ ባሕሩም የሚመጣብን አንድ ላይ ከሆነ፣ አራት ካርታ ምን ያደርግልናል? በ2016 መስመሩ ተቀየረ፤ የሳንታ ክሩዝ ሚድ ካውንቲ ተፋሰስ የሚባል አንድ ነገር ተወለደ። ዕቅዳቸው በ2021 ስቴቱ መጀመሪያ ካጸደቃቸው ሁለት ዕቅዶች አንዱ ነው። እዚህ ፊርማው "ግቡ፣ አብረን እንክፈል" የሚል ነው።

ፓሶ ሮብልስ ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ነገሩ ነጭና ጥቁር አይደለም።

ፓሶ ሮብልስ ከሳን ሆዜ ወደ ሎስ አንጀለስ ስትወርዱ በ101 መንገድ ላይ ያለች የወይን አገር ናት። የወይን እርሻው እየሰፋ ሄዶ በ2013 አካባቢ የሰዎች የቤት ጉድጓድ መንጠፍ ጀመረ። ሰው በጭነት መኪና ውሃ እያስመጣ መኖር ጀመረ። ካውንቲው በዚያው ዓመት ነሐሴ አስቸኳይ ደንብ አወጣ። አዲስ የሚተከል ወይን ውሃ ከፈለገ ያንኑ ያህል ከሌላ ቦታ ይቀንስ የሚል ነው። ከዚያ የራሳችንን የውሃ ዲስትሪክት እናቋቁም የሚል ሐሳብ መጣ። በ2016 መጋቢት ሕዝቡ ድምፅ ሰጠበትና ውድቅ ሆነ። ትልቁ ገበሬ ይቆጣጠረዋል ያለም ነበረ፤ ግብር አልከፍልም ያለም ነበረ።

በዚያው ዓመት ከተፋሰሱ በደቡብ ምዕራብ በኩል ያሉት፣ የአታስካዴሮና የቴምፕልተን አካባቢዎች፣ ተለዩ። ምክንያቱ ሳይንስ ነበር። ሪንኮናዳ የሚባል የመሬት ስንጥቅ በመሃል ያልፋል፤ ውሃውን ያግደዋል። የአታስካዴሮ ተፋሰስ ለብቻው ተሰመረ። ፓሶ ሮብልስ ክፉኛ ከተሟጠጡት መዝገብ ውስጥ ቀረ። አታስካዴሮ ደግሞ በኋላ ቅድሚያ ደረጃው ሲወጣ ከመጨረሻዎቹ ሆነ። ማለትም ሕጉ አያስገድደውም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው "ይኸው፣ መዋጮ ሲመጣ ከእድር ወጡ" ይላል። እኔም መጀመሪያ ስሰማ እንደዚያ ነው ያልኩት። ስንጥቁ ከሰው ልጅ በፊት የነበረ ነው፤ አዲሱ ነገር ሕጉ ነው። ሕጉ ሲመጣ ስንጥቁ ትዝ አላቸው ብዬ ስቄያለሁ። ግን ፍርዴ ቸኮለ። ሕጉ ከመውጣቱ ከዓመታት በፊት በተሠሩ ጥናቶችም ያ አካባቢ ተለይቶ ይታይ ነበር። ደግሞም ከወጡ በኋላ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ሕጉ ሳያስገድዳቸው የራሳቸውን ኤጀንሲ አቋቁመው ዕቅድ አዘጋጅተዋል። ከትልቁ እድር ወጥተው የራሳቸውን እድር አቋቋሙ ማለት ነው። እድር የለሽ አልሆኑም።

ስለዚህ ካርታውን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ከወጡ በኋላ ምን አደረጉ የሚለው ነው የሚለየው።

ያው ፓሶ ሮብልስ ሌላም መስመር ተቀይሮለታል። ተፋሰሱ ሰሜኑ በኩል ወደ ሞንተሬይ ካውንቲ ይዘልቅ ነበር። በ2019 ወሰኑ በካውንቲው መስመር ላይ ተደርጎ ሙሉ በሙሉ በሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ካውንቲ ውስጥ ቀረ። ይህኛው የአስተዳደር ነው። ከታች ግድግዳ የለም፤ ካውንቲው እዚያ ስለሚያልቅ ነው። ጥቅሙ ይገባኛል። ሁለት ካውንቲ አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የኮሚቴ ስብሰባ የመራ ሁሉ ያውቃል። እኛ እንኳን ሁለት ማኅበር አንድ ላይ የአዲስ ዓመት በዓል ለማዘጋጀት ስንት ወር ነው የፈጀብን? ግን በአስተዳደር የተሰመረ ድንበር አንድ ዕዳ አለበት። መስመሩን ተሻግሮ የሚሄደውን ውሃ አንድ ሰው መቁጠር አለበት። ሕጉም አጎራባች ተፋሰስ ግቡን እንዳይመታ የሚያደናቅፍ ዕቅድ እንዲያልፍ አይፈልግም። መስመር አስምረህ ጀርባህን መስጠት አይቻልም።

በርሃ ውስጥ ያለችውን ቦሬጎ ስፕሪንግስንም ላንሳ፤ በአጭሩ። በ2016 ተፋሰሱ ለሁለት ተከፈለ። ብዙ የሚቀዳበት የከተማውና የእርሻው ወገን አንድ፣ ብዙም ሰው የሌለበት ኦኮቲዮ ዌልስ ሌላ። የተከፈሉት ግን ሸክሙን ለማምለጥ አይደለም። ችግሩ ያለበት ወገን ችግሩን ይዞ ቀረ፤ በ2021 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ቀድሞ ይቀዳ ከነበረው ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን ለመቀነስ ተስማሙ። የሎሚና የብርቱካን ገበሬው፣ የጎልፍ ሜዳው፣ ከተማው፣ ሁሉም። ከባድ ነው። ድንበሩ ጠባብ መሆኑ ግን ነገሩን ግልጽ አደረገው። ማን ምን ያህል እንደሚቀዳ መደበቅ አልተቻለም።

ከሁሉ በላይ የምወደው ታሪክ ግን የሎስ አንጀለስ ነው፤ ከሕጉ በፊት የሆነ። ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል ሴት በ1965 ዶክትሬቷን የሠራችው በሎስ አንጀለስ ዌስት ቤዚን በሚባለው የከርሰ ምድር ተፋሰስ ላይ ነው። በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ስትሸለም የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። መነሻዋ ግን የጉድጓድ ባለቤቶች ስብሰባ ነው! ባሕሩ ይሰርግባቸው ነበር። ተደራደሩ፣ ተካሰሱ፣ ተስማሙ፣ የሚቀዱትን ቀነሱ። ነገር ግን ውሃቸው የሚመጣው በላይ በኩል ካለው ሴንትራል ቤዚን ነው። እነሱ እየቀነሱ ጎረቤቶቻቸው ይቀዱ ነበር። አስቡት እስቲ፣ አንተ እየጾምክ ጎረቤትህ ከማሰሮህ ሲጨልፍ።

ምን አደረጉ? ሁለቱን ተፋሰስ አንድ አላደረጓቸውም። መስመሩን ትተው በላዩ ጃንጥላ ዘረጉ። በ1959 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ሁለቱንም ተፋሰስ የሚያለብስ ውሃ የሚተካ ዲስትሪክት አቋቋመ። ከሚቀዳው ላይ ክፍያ ይሰበሰባል፣ በዚያ ገንዘብ ውሃ ተገዝቶ ወደ መሬት ይሰርጋል። ዛሬም አለ። ድንበር መቀየር ብቸኛው መድኃኒት እንዳልሆነ የምናውቀው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ፊርማው ልመለስ። ሦስት አራተኛ ስንል ምን እየቆጠርን ነው? ቢሮ ነው የምንቆጥረው። ካውንቲው አንድ፣ ከተማው አንድ፣ ዲስትሪክቱ አንድ። የሕዝብ ውሃ አቅራቢ የሚባለው ደግሞ ቢያንስ 15 መስመር ያለው ወይም 25 ሰው የሚያገለግል ነው። አነስ ያለ የመኖሪያ ሰፈር እንኳ እዚህ ውስጥ ይገባል። ጥሩ። በጓሮው ጉድጓድ የሚጠጣው ቤተሰብ ግን አይቆጠርም። ድምፁ ካውንቲው ውስጥ ነው ይባላል። አምስት ተመራጮች ላሉት ቦርድ ያ ቤተሰብ ከስንት ጉዳይ አንዱ ነው?

የድጋፍ ደብዳቤ እንዴት እንደሚወጣ ደግሞ ላሳያችሁ። ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ያለ ውይይት በአንድ ድምፅ ከሚጸድቁ ጉዳዮች ዝርዝር ውስጥ ነው። ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይጽደቅ፣ የመኪና ጥገና ውል ይታደስ፣ የተፋሰስ ወሰን ለውጥ ይደገፍ። "የሚቃወም አለ? የለም። ጸድቋል።" ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከቦርዱ አባላት አንዱ ዝርዝሩን አላነበበው ይሆናል። የፈረመው ጎረቤቱ ስለጠየቀው ነው፤ ነገ እሱም ደብዳቤ ሊፈልግ ይችላል። ክፋት የለበትም፤ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ይህን ሳይ ሦስት አራተኛው ድጋፍ ተገኘ መባሉ ብዙም አያስደንቀኝም። የማየው ያልፈረመውን ነው። ሃያ ተጠይቀው አስራ ስድስት ከፈረሙ፣ አራቱ እነማን ናቸው? መስመሩ የሚያልፍባቸው ናቸው? በታች በኩል ያሉት ናቸው? ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው እዚያ ነው። የገጠሩ ለኪ መንደሩን ሁሉ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ድንጋዩ አጠገብ ያለውን ሰው ነው።

አንድ የቤተሰብ ታሪክ ልጨምርና ልጨርስ። የአጎቴ ልጅ እዚህ የቤት ዋጋ አልቀመስ ሲለው ወደ ሴንትራል ቫሊ ወረደ። ሰፋ ያለ ግቢ፣ ጉድጓድ ያለው ቤት ገዛ። ዶሮ፣ ጎመን፣ በሶብላ፣ ምን የሌለው አለ። በድርቁ አንድ ጠዋት ቧንቧው አየር ተፋ። ከዚያ በፖስታ ደብዳቤ መጣለት፤ በኤከር ይህን ያህል ክፍያ አለብህ የሚል። አምጥቶ "ተርጉምልኝ" አለኝ። እንግሊዝኛ ከእኔ ይበልጣል እኮ! ያልገባው መንገዱን ተሻግሮ ያለው ጎረቤቱ ለምን ሌላ ዓይነት ደብዳቤ እንደደረሰው ነበር። መንገዱ ድንበር ነው። ይህኛው በተፋሰሶች መካከል ያለ ድንበር እንኳ አይደለም፤ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ባሉ ሁለት ኤጀንሲዎች መካከል ነው። ሁለቱም ጉድጓድ የሚቀዳው ከአንድ አሸዋ ነው። "ታዲያ ይህን መስመር ማን አሰመረው?" አለኝ። ቃለ ጉባኤውን ፈልጌ አሳየሁት። ያለ ውይይት ያለፈ ነው።

ወደ ጥያቄዎቹ።

አንድ አባት ተነስተው "ልጄ፣ መሬቱ የእኔ ከሆነ ከሥሩ ያለው ውሃ የእኔ አይደለም ወይ?" አሉኝ። የመጠቀም መብት አለዎት፤ ብቻዎን ግን አይደለም አልኳቸው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን በ1903 ወስኗል። በአንድ ተፋሰስ ላይ መሬት ያላቸው ሁሉ በውሃው ላይ የጋራ መብት አላቸው፤ ሲያጥር ሁሉም ተመጣጥኖ ይቀንሳል። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው "የወል መሬት ነው በለኛ" አሉ። ልክ ነው። በአንድ ቃል ጨረሱት።

አንዲት እህት ደግሞ ቤት ልትገዛ መሆኑን ነግራኝ ምን ልጠይቅ አለችኝ። የውሃ ሀብት መምሪያው ድረ ገጽ ላይ አድራሻ አስገብተሽ በየትኛው ተፋሰስ ውስጥ እንደሆንሽ የምታይበት ካርታ አለ። ቅድሚያ ደረጃውን እዪ። የትኛው ኤጀንሲ እንደሚያስተዳድረው እዪ። ጉድጓድ ካለው ጥልቀቱን ጠይቂ፤ የጎረቤቶቹንም ጥልቀት ጠይቂ። የኤጀንሲው መደበኛ ስብሰባ አጀንዳ በሕግ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት ይለጠፋል፤ ያለ ውይይት የሚያልፈውን ዝርዝር መጀመሪያ አንብቢ። እዚሁ ሳን ሆዜ ከሆነ ግን የምትገዢው ጉድጓዱ አያሳስብሽም፤ ቢል ይመጣልሻል፣ ትከፍያለሽ።

መጨረሻ ላይ ከኋላ አንድ ልጅ "የአጎትህ ልጅ አሁን ውሃ አለው?" አለኝ። አለው። ከአሮጌው በእጥፍ የጠለቀ አዲስ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ዕዳውን ገና እየከፈለ ነው። በዚያው ሰሞን መንገዱን ተሻግሮ ያለው የአልሞንድ እርሻም የራሱን ጉድጓድ ወደ ታች አወረደ።